መገልበጡ አይደለም ጥፋቱ

ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ወይም ውጫሌ ከተማ ላይ ላፕቶፕ ገዝቶ ማይክሮሶፍት ኦፊስን ከፍሎ የጫነ ሰው ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል። አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩን ይዞ ጥገና ቤት ይሄዳል፤ ባለሙያው ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱንና ፎቶሾፑን ከፍላሹ ገልብጦ፣ በክራክ ከፍቶ የእጁን ዋጋ ይቀበላል።

እንዲህ በሚያስጭን ሰው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ኦፊስን የያዘው የማይክሮሶፍት 365 የአንድ ሰው የዓመት ኪራይ 100 ዶላር ገደማ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ መቶን ካለፈ ቆይቷል። ደብዳቤ ለሚጽፍና ውጤት ለሚደምር መምህር ይህ በየዓመቱ ከ10 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው።

ግን ክራክም ዋጋ አለው። እንዲሠራ ብዙ ጊዜ ጸረ ቫይረሱ መዘጋት አለበት፤ እንደተዘጋም ይቀራል። ከዚያ ከሰው የተዋስነው ፍላሽ ይዞት የመጣው ቫይረስ የመመረቂያ ጽሑፉንም የልጆቹንም ፎቶ ያጠፋና ለ«ፎርማት» እንደገና እንከፍላለን። በዚያ ላይ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ከባለመብቱ ፈቃድ ውጭ እንዳይባዛ ይጠብቃል።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ሊብሬኦፊስ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ ነው። የጽሑፍ፣ የሰንጠረዥና የስላይድ ሥራ ይሠራል፤ የወርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፤ ትእዛዞቹን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል። ለፎቶ ጂምፕ፣ ለፊልም ቪኤልሲ፣ ለአማርኛ መጻፊያ ኪማን አሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ደግሞ በዊንዶውስ ፋንታ ነፃውን ሊኑክስ ሚንትን ይሞክር።

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ጥቅም ግን ከብሩም ይበልጣል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። የኪራዩ ኦፊስ በወር አንዴ ያህል ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ክፍያውን ካላረጋገጠ ፋይል ያሳያል እንጂ አያሠራም። ሊብሬኦፊስ አንዴ ከተጫነ ማንንም አይጠይቅም።

ፈቃዱም ከኖርንበት ልማድ ጋር ይስማማል፦ ገልብጠህ ለጎረቤትህ ስጥ ይላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ስሙ የገነነው በማስተማርና መጻሕፍትን በማስገልበጥ ነው። ዕውቀት እዚህ አገር ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ነው የኖረው። ጥፋታችን መገልበጣችን ሳይሆን የምንገለብጠውን አለመምረጣችን ነው።

ሊብሬኦፊስ ችግር የለውም አልልም። በወርድ የተሠራ ደብዳቤ ሲከፈት አንዳንዴ መስመሩ ይዛነፋል፤ ናያላ ፊደል ከሌለ ገጹ ይቀየራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት በነበሩ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ካልተለወጠ ላይነበብ ይችላል። ማክሮ የበዛበት የመሥሪያ ቤት ኤክሴልም ላይሠራ ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው ዋናውን ገዝቶ ይጠቀም። የቤት ተጠቃሚ ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስታወሻና ፎቶ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለጥገና ቤቶቹ ነው። የሊብሬኦፊስ ፋይል 350 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አንድ ጊዜ አውርዶ ለመቶ ደንበኛ መጫን ይቻላል። ዋጋቸውም አይቀንስም፤ ድሮም የሚቀበሉት የእጃቸውን ነው። ደንበኛውም ሲሄድ «ነፃውን ጫንልኝ» ይበል፤ ካልጠየቀ የሚጫንለት የለመዱት ክራክ ነው።