የጮቄን ጭቃ ስለ መናቅ

ከደብረ ማርቆስ ወጣቶች አንዱን ይዘው «ጮቄን ታውቀዋለህን?» ብለው ቢጠይቁት «እንዴታ!» ይላል። «ወጥተህበታልን?» ቢሉት ግን ይስቃል። ምን አጥቶ ይወጣል? እዚያ ያለው ጭቃና ብርድ ነው፤ በእግር መሄድም መኪና ያጣ ሰው ሥራ ነው፤ መልሱ ይኸው ነው። ይህን መልስ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስሰማው ስለ ኖርሁ ዛሬ ልሟገተው ተነሥቻለሁ።

አስቀድሞ በእግር መሄድ የድኻ ነው ስለሚባለው። በስኮትላንድ ደጋ አገር ሰዎች በዕረፍታቸው ቀን፣ ዝናብ እየደበደባቸው፣ በረግረግ እየሰመጡ ተራራ ይወጣሉ፤ ማንም አላዘዛቸውም። ሂዩ መንሮ የሚባል ሰው በ1891 እ.ኤ.አ. ከፍታቸው ከ3,000 ጫማ የሚበልጠውን ተራሮች ዘርዝሮ ስላሳተመ፣ ዛሬ 282 ተብለው የሚቈጠሩትን ሁሉንም ወጥቶ ለመጨረስ ዕድሜውን የሚሰጥ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ተቀምጣለች! እነርሱ ዕድሜ ልካቸውን የሚወጡት ተራራ ሁሉ እኛ ሽንኩርት ከምንገዛበት ገበያ በታች ነው ማለት ነው። የጮቄ ራስማ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። (ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ከፍታውን እኛ አልሠራነውም።)

ከሮብ ገበያ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በመጀመሪያ የገብስና የድንች ማሳ ያልፋል፤ ቀጥሎ አስታው፣ ከዚያም ጓሳውና ጅብራው ይቀበለዋል። ጅብራ በጉም ውስጥ ሲያዩት ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው ይመስላል። በሸንተረሩ ላይ መሬቱ ከእግር በታች ይርገበገባል፤ ከአንዱ የሣር ጉብታ ወደ ሁለተኛው ካልዘለሉ ጫማ በማጡ ውስጥ ይቀራል። ተማሪዎች ይዤ በወጣሁ ጊዜ ሁሉ ማጉረምረም የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነበር። እኔም አንዱን ጠርቼ «ከዚህ ጭቃ አንድ እፍኝ አንሣና ጭመቅ» እለዋለሁ። ወሩ ጥር ነው፤ ክረምቱ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል፤ ውሃው ግን በክርኑ ላይ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ማጉረምረሙ ያቆማል።

ጨሞጋም፣ ሙጋም፣ ተምጫም በበጋ የሚወርዱት በዚህ ነው። ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ ይጠጣና ቀስ እያለ ይለቃል። ሣሩን አጭደው፣ ቦይ ቀደው፣ በሬ ጠምደው ሲያርሱት ግን ጥቁሩ አፈር ይደርቃል፤ ዝናቡም እንደ መጣ አፈሩን ተሸክሞ ወደ ዐባይ ይሮጣል። አስተማሪው ከደመወዙ ቀንሶ፣ ገበሬው ከጥሪቱ አዋጥቶ፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ የእኛን ማሳ ደለል አድርጎ እንዲቀበል ነውን?

እዚህ ላይ የተማረው ወጣት ገበሬውን ለመውቀስ ይቸኩላል። ቆይ! ገበሬው ሽቅብ የሚያርሰው የታችኛው መሬት ለልጆቹ ስላልበቃ ነው፤ ውርጭ ገብሱን እንደሚያቃጥልበት እያወቀ ያርሳል። ቢሮ ተቀምጦ ያንኑ ቦታ «ባዶ መሬት» ብሎ የሚጽፈው ሰው ግን ምን ቸግሮት ነው? በመንዝ ጓሳ የነበሩ አባቶች እንዲህ ዓይነቱን መሬት ባዶ አላሉትም፤ ቄሮ በሚባለው ሥርዓታቸው ለዓመታት እየዘጉ፣ ሣሩን በተፈቀደ ጊዜ ብቻ ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጓሳውን መልሶ በመጠበቁ እስከ ዛሬ አለ። እነዚያ ሰዎች ዲፕሎማ አልነበራቸውም፤ እግር ግን ነበራቸው።

«በዚህ የጥይት ዘመን ማን ተራራ ይወጣል?» የሚለኝ ይኖራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በጎጃም የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ተቀመጥ፣ ማንንም ወደ አደጋ አልልክም። ግን ከዚያ በፊት መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ዓመታት የት ነበርህ? ጮቄ ያን ጊዜም እዚያው ነበረ፤ ከከተማው ጠርዝ ሆነህ በጠራ ቀን ታየው ነበር።