ከስንቁ ጋር አንድ ፍላሽ

ልጃችሁ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ መካነ ሰላም ካምፓስ ተመደበች እንበል። በሶው ተዘጋጅቷል፣ ዳቦ ቆሎው ታሽጓል፣ ብርድ ልብሱም አልተረሳም፤ የደቡብ ወሎ ደጋ ብርዱ አይጣል ነውና። ለትምህርቷ የገዛችሁላት ታብሌትም ቦርሳዋ ውስጥ ገብቷል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ታብሌቱን ማስነሳት የሚችል ፍላሽ።

ለምን? ታብሌት አንድ ቀን አርማውን ብቻ እያሳየ አልነሳም ሲል፣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መፍትሔ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ታብሌቱ ይነሳል፤ የመመረቂያ ጽሑፉና የቤተሰቡ ፎቶ ግን አብረው ይጠፋሉ። የተበላሸው ዊንዶውሱ ብቻ ሆኖ ፋይሎቹ ደህና የሚሆኑበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ታብሌቱን ከፍላሽ ስታስነሱት የራሱን ዊንዶውስ ሳትነኩ ውስጡን ታያላችሁ። የሚፈለገውን ገልብጣችሁ ካወጣችሁ በኋላ ፎርማት ቢደረግም አያስቆጭም።

መጀመሪያ የታብሌታችሁን ዓይነት ለዩ። ይህ ዘዴ የሚሠራው እንደ ማይክሮሶፍት ሰርፌስ በዊንዶውስ ለሚሠሩ ታብሌቶች ነው። አይፓድ ከፍላሽ አይነሳም፤ የተለመዱት የአንድሮይድ ታብሌቶችም እንዲሁ። ለእነሱ ዋናው መድኃኒት ፋይሉን ቀድሞ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። አንድሮይድ አልነሳ ሲል ቁልፎች ተጭናችሁ በሚመጣው ዝርዝር ላይ «ፋክተሪ ሪሴት» የሚለውን እንዳትነኩ፤ ሁሉንም ያጠፋል።

ዝግጅቱ እንዲህ ነው። 16 ጊጋ የሚይዝ ፍላሽ ግዙ። ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ሲስተም ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። መጠኑ ከ5 ጊጋ ስለሚበልጥ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት፣ ከጉዞው በፊት ቢሆን ይሻላል። የወረደውን ፋይል ዝም ብሎ ፍላሹ ላይ ኮፒ ማድረግ አይበቃም፤ ሩፉስ በሚባል ነጻ ፕሮግራም መጫን አለበት። ሩፉስ ፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ባዶ ፍላሽ ተጠቀሙ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቁልፍ ያዙ። ብዙ የዊንዶውስ ታብሌቶች ፋይላቸውን ቢትሎከር በሚባል መቆለፊያ ይቆልፋሉ። መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ታብሌቱ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉትና ቤት አስቀምጡ። ያለዚህ ቁጥር ፍላሹ ታብሌቱን ቢያስነሳም ፋይሎቹ አይከፈቱም።

ሰርፌስ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ፍላሹን ሰኩ። የድምፅ መቀነሻውን ተጭናችሁ ይዛችሁ ማብሪያውን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ አርማው ሲመጣ መቀነሻውንም ልቀቁ። ኡቡንቱ አልነሳ ካለ ከልካዩ ሴኪዩር ቡት የተባለው ጥበቃ ሊሆን ይችላል። አጥፍታችሁ በድምፅ መጨመሪያው በኩል ስታስነሱት በሚመጣው ገጽ ላይ ከማይክሮሶፍት ውጪ ያሉትንም እንዲፈቅድ ይስተካከላል። ይህን ስትነኩ ዊንዶውሱ ያንን 48 አሃዝ ሊጠይቃችሁ ይችላል። በሌሎች ታብሌቶች ቁልፎቹ ይለያያሉ።

ኡቡንቱ ሲከፈት «ትራይ» የሚለውን ምረጡ፤ «ኢንስቶል» ዊንዶውሱንና ፋይሉን ሊያጠፋ ይችላል። የታብሌቱ መሰኪያ ለፍላሹ ካልሆነ የኦቲጂ ገመድ ያስፈልጋል። ማውስና ሁለተኛ ፍላሽ ለመሰካትም ባለብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ያዙ፤ ባትሪውም ሙሉ ይሁን።

ይህን ሁሉ ታብሌቱ ደህና ሳለ፣ ልጅቷም አጠገባችሁ ሳለች አንድ ጊዜ ሞክሩት፤ ቁልፎቹንም እሷው ትንካቸው። ጽሑፏን ልታስረክብ አንድ ሌሊት ሲቀራት ታብሌቱ አልነሳም ቢል፣ ደሴ ድረስ ወርዳ ሠሪ የምትፈልግበት ጊዜ አይኖራትም።