«ማን ና አለው?» ለሚሉ ጓደኞቼ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር ነው። አንድ ሰው ለታይታ ብሎ ገደል ሲወጣ ወይም ሲወርድ አደጋ ቢደርስበትና ሊያድነው የሄደው ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? የሚል ነበር። ብዙዎቻችሁ «አዳኙን ማን ና አለው? በገዛ ፈቃዱ ገባ» አላችሁ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ ሳይሆን አፍሬ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደጨረስን ስድስት ሆነን ከቡታጅራ ወደ ሀረ ሸይጣን ሄድን። ላላያችሁት፣ በስልጤ ዞን ውስጥ ከቡታጅራ በስተደቡብ የሚገኝ፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረ ሐይቅ ነው። ከአፋፉ ላይ ድንጋይ ቢወረወር ውሃው ጋ አይደርስም ይባላል፤ እኛም እጃችን እስኪዝል ወረወርን። በኋላ አንዱ ጓደኛችን ገደሉን ወርጄ በስልኬ ቪዲዮ እቀርጻለሁ አለ። «አትችልም!» ያልኩት እኔ ነኝ። ዝናብ አድሮ ነበርና ጥቂት እንደወረደ አፈሩ ከዳው፤ አንዲት ቁጥቋጦ ይዞ ተንጠለጠለ።

እኛ ከመጮህ በቀር ምንም አላደረግንም። ጩኸታችንን ሰምተው ከብት ሲጠብቁ የነበሩ አንድ አባት የቃጫ ገመድ ይዘው መጡ። ማን እንደሆንን እንኳ አልጠየቁም። ገመዱን ዛፍ ላይ አስረው፣ ጫፉን «አጥብቃችሁ ያዙ ልጆቼ» ብለው ወረዱ። ጓደኛችን ዳነ። እርሳቸው ግን መዳፋቸው በገመዱ ተላጠ፣ እግራቸውን ተንከባላይ ድንጋይ መታቸው። አመስግነን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ ቡታጅራ ገብተን ሻይ ጠጣን። ስማቸውን አልጠየቅንም! ከሳምንታት በኋላ በዚያ ያለፈ አንድ ልጅ ሲነግረን፣ ሰውየው በእግራቸው ምክንያት በርበሬያቸውን በጊዜው መኰትኰት አልቻሉም ነበር።

ታዲያ እኚህን አባት ማን ና አላቸው? ማንም። ነገር ግን ልጅ ገደል ላይ ሲጮህ ሰምቶ መቅረት ይቻላል ወይ? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአደጋ ላይ ያለን ሰው አለመርዳትን ወንጀል ቢያደርግም፣ ግዴታው የሚሠራው በረጂው ላይ አደጋ በማያስከትልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እኚያ አባት ሳይወርዱ ቢቀሩ በሕግ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ያስገደዳቸው ሰውነታቸው ነው። እኛ ደግሞ ሳናውቀው በዚህ ሰውነት ተማምነን ነበር የቀለድነው። ገደል የሚወርድ ሰው «የራሴ ነፍስ ናት» ሲል የሚያስይዘው የራሱን ብቻ አይደለም፤ ሰምቶ መቅረት የማይችለውን የማያውቀውን ሰውም ጭምር ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በዚያ ማንም በራሱ ሕይወት አልቀለደም፤ ሰዎቹ ቤታቸው ውስጥ ሳሉ ነው ናዳው የመጣባቸው። ያነሣሁት ስለ አዳኞቹ ነው። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሰዎች ለማውጣት ጎረቤቱ ሲረባረብ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ለማዳን የሮጡት ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ። መምህራንም ነበሩ። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ጩኸት ሲሰማ የሚሮጠው እኛም ነን ማለት ነው።

አንዳንዱ «በሌላው ዓለም እኮ ተራራ ወጪ ለራሱ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በኤቨረስት ላይ ዴቪድ ሻርፕ የተባለ እንግሊዛዊ ሊሞት ሲያጣጥር ወደ 40 የሚጠጉ ወጪዎች በአጠገቡ እንዳለፉ ተዘግቦ ነበር። ይህን በብርቱ ካወገዙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1953 ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር ተራራውን መጀመሪያ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ ነው። እንግዲህ ለማለፍ የሚከራከር ሰው ከሂላሪ በላይ ተራራ አውቃለሁ ሊል ነው።

ተራራ አይወጣ ማለቴ አይደለም። የዘቢዳር ገበሬ ለሣርና ለእንጨት በየቀኑ ዳገቱን ይወጣል፤ የደብረ ዳሞ መነኮሳት በገመድ ይወጣሉ። እነርሱ የሚወጡት ስለሚኖሩበት ነው፤ መንገዱንም ያውቁታል። የጂኦግራፊ መምህር የሚሆነውም ተማሪዎቹን ዘቢዳር ላይ ቢያወጣ እሰየው ነው። ብቻ በበጋ ይሁን፣ የአገሩን ሰው ይዞ ይሁን፣ ተመለሱ ሲባልም መመለስ ይኑር። ሊረዳ መጥቶ የተጎዳ ሰው ካለ ደግሞ ሕክምናውንና የባከነ የሥራ ቀኑን መሸፈን የእኛ ዕዳ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም።

በሚቀጥለው የተማሪዎች ጉባኤ ላይ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከማናቸውም የመስክ ጉዞ በፊት ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት እንዲሰጠን ተቋማችን እንዲጠይቅልን፤ ጠንካራ ገመድም እንዲገዛ። ለገመዱ መዋጮ እኔ ከአሁኑ 100 ብር አስመዝግቤያለሁ። ሁለተኛው የግሌ ነው፤ እሑድ ከአምስቱ ጓደኞቼ ሁለቱ ወደ ሀረ ሸይጣን አብረውኝ ሊሄዱ ተስማምተዋል። ሦስቱ «አሁንማ ረስተውናል» አሉ።