ምላጩን አንቺ ያዢ

እኛ ቤት አራስ አለች። ልጄ ሴት ልጅ ከተገላገለች ሁለት ወር አልፏታል፤ ለሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሽር ጉድ እያልን ነው። ታዲያ ሰሞኑን ልጄ ሕፃኗን ካስተኛች በኋላ ደብተር ይዛ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ መጻፍ ጀምራለች፤ «ስታድግ ከየት እንደመጣች ትወቅ» ብላ። እኔ እየነገርኳት እሷ ትጽፋለች። አያቴ ዘንድ ስንደርስ «ስንት ልጆች ነበሯት?» አለችኝ። «አራት» አልኳት። ብዕሯን አቁማ አየችኝና «ያደጉት ናቸው ወይስ የወለደቻቸው?» ብላ ጠየቀች።

በዚህ ዓምድ ላይ ስለ አያቴ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። ስለ ገንፎዋ፣ ስለ ምርቃቷ፣ ስለ ፈትሏ። የልጄ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ዛሬ እስካሁን ያልጻፍኩትን ልጻፍ።

እምዬ የመንዝ ሰው ናት። (በቤታችን አንቱ ያላት ስላልነበረ እዚህም እንደለመድኩት ልጥራት።) በአካባቢው የልምድ አዋላጅ ነበረች። የመንዝን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚያ ብርድ በውድቅት ሌሊት አንድ ሰው ደጃፉን ይመታና «እገሊትን ምጥ ይዟታል» ይላል። እምዬ ባናዋን ትከናነባለች፤ ከግድግዳው ስንጥቅ ምላጯን፣ ከሞሰቧ ራሷ የፈተለችውን ክር፣ በትንሽ ቅል ቅቤ ትይዛለች። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ፋኖሱን የምይዝላት እኔ ነበርኩ።

ምጥ የያዛትን ሴት ብቻዋን ትታ ስትነሳ አይቻት አላውቅም። ከኋላዋ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ጀርባዋን በጉልበቷና በደረቷ ደግፋ ትይዛታለች። ምጡ ሲመጣ አብራት ትተነፍሳለች፣ ሲተዋት ወገቧን በቅቤ ታሽላታለች። መቆም ያማራትን ታቆማለች፣ መንበርከክ ያማራትን ታንበረክካለች። አትቆጣም። ሁለት ሌሊት ቢፈጅም ድምፅዋ ያው ነው፤ «ማርያም ትቅረብሽ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ደረሰ።» ሕፃኑ ሲወለድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ይባላል። እምዬ ግን ለሴትም ሦስት ላይ አታቆምም ነበር፤ ሌሎቹ ሲጨርሱ እሷ ትቀጥላለች። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

እዚህ ድረስ ያለውን ከዚህ በፊት ጽፌዋለሁ።

ያልጻፍኩት ምላጩን ነው። ያው አንድ ምላጭ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ በቀሚሷ ጫፍ ተጠርጎ ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ይመለሳል። በተቆረጠው እትብት ላይ ቅቤ ይቀባል። ለተወለደው ሕፃን ከጡት በፊት ቅቤ ይላሳል። የመጀመሪያው ወፍራም ወተት፣ እንገሩ፣ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ መሬት ላይ ይታለባል። እናቷ እንዲህ አድርጋ አሳይታታለች፣ እሷም እንዲህ አደረገች።

እምዬ የወለደችው ዘጠኝ ነው። አንዱን ኩፍኝ፣ አንዷን ትኩሳት ወሰደባት። ሦስቱ ግን በሳምንታቸው ዙሪያ ነው የሄዱት። ደህና ሲጠቡ የነበሩ ሕፃናት ድንገት ጡት መያዝ ያቅታቸዋል፣ አገጫቸው ይቆለፋል፣ ሰው በነካቸው ቁጥር ገላቸው እንደ እንጨት ይገተራል። በሰፈሩም እንዲህ የሞቱ ብዙ ነበሩ። ዓይን ነው ይባላል፣ መንፈስ ነው ይባላል፤ እምዬም ታለቅስና ይቀበራሉ።

በ1972 ዓ.ም. ክረምት የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ መንዝ ገባሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ በተሰበሰቡበት እምዬ ያንን ምላጭ ከግድግዳው ስታወጣ አየኋትና ንግግር ጀመርኩ። ቴታነስ፣ መንጋጋ ቆልፍ የምንለው፣ ዘሩ በአፈርና በፍግ ውስጥ ይኖራል፤ ባልጸዳ ምላጭና እጅ በእትብቱ ይገባል፤ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንቱ ገደማ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ «ሕፃናቱን የሚፈጃቸው ይኼ ምላጭ ነው» አልኩ፤ በሴቶቹ ሁሉ ፊት።

እምዬ ሲኒውን አስቀመጠች። «የኔንም ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ያን ቀን የነበርኩበት ቦታ ብመለስ ዝም እላለሁ አልልም። ዝም ብል ኖሮ ሌላ ሕፃን ይሞት ነበር። ግን ጓዳ ገብቼ፣ እጇን ይዤ፣ ለብቻዋ ልነግራት እችል ነበር። አርባ ዓመት ስሠራ የተማርኩትን ያን ጊዜ አላውቀውም። እምዬ ከዚያ ቀን በኋላ ቡና አላፈላችም። ሊጠሯት ሲመጡ «እጄን አሞኛል በሏቸው» ትላለች። እኔ በእሷ ምትክ ሄድኩ።

የሄድኩባት ሴት የመጀመሪያ ልጇ ነበር። አዲስ ምላጭ፣ የተቀቀለ ክር፣ ሳሙና፣ ሁሉም አለኝ። እሷ ግን ፈራችኝ። በጀርባሽ ተኚ ስላት እምቢ አለች፣ ስቆጣት አለቀሰች። እንዴት እንደሚያዝ የተማርኩት መሣሪያ እንጂ ሰው አልነበረም። ጎህ ሊቀድ ሲል ልጅ ልኬ እምዬን አስጠራኋት። ይመጡልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ባናዋን ተከናንባ መጣች። በርጩማውን ስባ ከሴትየዋ ኋላ ተቀመጠችና፣ ሳታየኝ፣ «ምላጩን አንቺ ያዢ፣ እሷን ለኔ ተያት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ምላጭ ከመሐል ሜዳ ገበያ ታስገዛ ጀመር፤ እኔም በአገኘሁት ሰው ሁሉ በፓኬት እልክላት ነበር። እትብት ላይ ቅቤ መቀባቱንም ተወች። (ዋናው መከላከያ የእናትየዋ ክትባት ነው፤ ነፍሰ ጡር ልጅ ወይም ምራት ያላችሁ ክትባቱን ጨርሳ መውሰዷን ጠይቁ።) ሕፃኑን ቅቤ ማላሱን ግን እስከ መጨረሻው አልተወችውም። ዞር ስል በጣቷ ጫፍ ጠብ ታደርጋለች። ስይዛት «ለአፉ ማለስለሻ እንጂ ምግብ መች ሆነ» ትለኛለች።

በ1980 ዓ.ም. አረፈች፤ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ቴታነስ ማስወገዷ ሲረጋገጥ፣ ጡረታ ልወጣ የቀረበ ሰው፣ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። ሥራ ስጀምር የተሰጠን ትምህርት ተጨማሪ ምግብ ከአራት ወር ጀምሮ ይሰጥ የሚል ነበር። ለስንቱ እናት ተናግሬያለሁ፤ የገዛ ልጄንም በአራት ወሯ አጥሚት አስጀምሬያታለሁ። በ1993 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን ወደ ስድስት ወር ሙሉ የእናት ጡት ብቻ ለወጠው። በሥልጠናው ላይ አንዲት ልጄ የምትሆን ባለሙያ ይህን ስታስረዳ ፊቴ ጋለ። «ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ስህተት ነበር ልትይኝ ነው?» ብዬ ተነሳሁባት። ልጅቷ ግን አልመለሰችልኝም፤ በሻይ ሰዓት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

ከሁለት ወር በፊት ልጄ ስታምጥ እኔም አብሬያት እንድገባ ተፈቀደልኝ። በእኛ ጊዜ ዘመድ በር ላይ ነበር የሚቀረው። አዋላጁ ወጣት ወንድ ልጅ ነው፤ ጨዋ። ባለሙያ መሆኔን አልነገርኩትም። «እማማ፣ እርስዎ ከኋላ ደግፈው ይያዙልኝ» አለኝ። ያዝኳት። ሲነጋጋ ተገላገለች፤ በጤና ጣቢያው ግቢ ለእናቶች የሚዘጋጀውን ገንፎ እዚያው በላን። እንገሩን ሕፃኗ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠባች።

ደብተሩ ላይ ከእምዬ ስም ሥር ካሉት አራት ስሞች በታች አምስት መስመር አስምረናል። የሁለቱን ስም አውቃለሁ፣ ጽፈነዋል። ሦስቱ ክርስትና ሳይነሡ ስለሄዱ መስመሩን ባዶ ተውነው። ልጄ ከጎኑ «ወንድ፣ ወንድ፣ ሴት» ብላ ጽፋለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ልጅ ልጆቻቸው የጥርስ መውጣት ለጻፉልኝ አያት እመልሳለሁ። ቸር ሰንብቱ።