ጎርፋውም ባለቤቱ ትታወቅ

ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ ባሉ ከተሞች ስንት ሳሎን ውስጥ ቡፌው የእንግዳ ሲኒና ከውጭ የመጣ ጌጥ ይዞ ይታያል። የቦረና የወተት ዕቃ የሆነው ጎርፋው ግን ጓዳ ነው። ገጠርም ቢሆን ፕላስቲክ ጀሪካን ቦታውን እየወሰደበት ነው። ጌጡን አልጠላም፤ የሚያሳስበኝ ጎርፋው ነው።

ያረጁ የጀርመን ፖርስሊን ምስሎችን የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ያውቃሉ፦ ዕቃ ከሠሪው ስም ጋር ይኖራል። የማይሰን ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1710 ነው። በ1731 የተቀጠረው ቀራፂ ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር የሠራቸው የሰውና የእንስሳት ምስሎች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ሰብሳቢ ምስሉን ሲያገኝ ገልብጦ ሥሩን ያያል፤ የተጣመሩትን ሁለት ሰማያዊ ሰይፎች ይፈልጋል። የሰይፎቹ አሳሳል በየዘመኑ ስለተለዋወጠ ዕድሜውን ይገምታል፤ አስመስሎ የተሠራውንም ይለያል። ጎብል የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ከአንዲት መነኩሴ ሥዕሎች ተነሥቶ የሠራቸው የሕፃናት ምስሎችም ሁመል የሚባሉት በእሷው ስም ነው። ጀርመን የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ሲወስዷቸው ስሟም አብሮ ተሻገረ።

የእኛዋ ባለሙያስ? የቦረና ሴት ጎርፋውን የምትሠራው ከተክል ሥር በተገኘ ጭረት ነው፤ ወተት እንዳያፈስ አጥብቃ ትሰፋዋለች። ከዚያ በጭስ ታጥነዋለች። ጭሱ ወተቱን ያጣፍጣል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳል። ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች (ኤላዎች) ውኃ በቅብብል የሚወጣበት የቆዳ ባልዲ፣ ኦኮሌም የራሱ ሙያ አለው። የሠሪዎቹን ስም ግን ማን መዘገበ?

ሳይመዘገብ የቀረ ነገር ዕጣው ምን እንደሆነ ጎረቤታችን ኮንሶ አይታለች። ለጀግና መታሰቢያ የሚቆሙት የእንጨት ዋካዎች ከመቃብር እየተነቀሉ ለሰብሳቢ ተሸጠዋል። ዋካውን የገዛው ሰው የማን መታሰቢያ እንደሆነ አልጠየቀም፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ ኮንሶ ቀሩ። የተረፉትን ለመጠበቅ በኮንሶዋ ካራት ከተማ ሙዚየም ተከፈተ፤ የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተመዘገበ። ጥበቃው ግን ብዙ ዋካ ከሄደ በኋላ የመጣ ነው። የቦረና ዕቃ እስኪሰረቅ መጠበቅ የለብንም።

የነገሌ፣ የያቤሎና የሞያሌ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ደብተር አስይዛችሁ ወደ አያቶቻቸው ላኩ። ጎርፋውን ማን ሠራችው? ከየትኛው ተክል? በየትኛው እንጨት ታጠነ? ለማን ሠርግ ተሰጠ? የባህል ጽሕፈት ቤቶችም አንድ መደርደሪያ ክፈቱ፤ በዕቃው ሥር ግን የሠሪዋን ሙሉ ስም ጻፉ። በሕይወት ያሉት ባለሙያዎች አርጅተዋልና ዘንድሮ ጀምሩ።