የከተማ ወባ እና በየግቢው ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ

ወባ ለረጅም ዘመን የቆላ፣ የረግረግና የክረምት መውጫ በሽታ ተደርጎ ሲታሰብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ፣ ያውም በደረቁ ወራት የተከሰተው ወረርሽኝ ግን ይህን ግንዛቤ የሚፈትን ሆኗል። በወቅቱ የተደረገው ጥናት ወረርሽኙን ያያያዘው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው የትንኝ ዝርያ ጋር ነው። መነሻዋ እስያ የሆነችው ይህች ዝርያ በአፍሪካ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በሀገራችን ደግሞ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ከተማ ተገኝታለች።

ነባሮቹ የወባ ትንኞች በብዛት የሚራቡት ዝናብ ባቆረው ውኃ ነው። ይህችኛዋ በበርሜል፣ በሮቶና ለግንባታ ውኃ በሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች ስለምትራባ ዝናብን አትጠብቅም።

የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ውኃ ማጠራቀም የነዋሪው ግዴታ እንጂ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ «ውኃ አታጠራቅሙ» የሚለው ምክር ለመስጠት ቢቀልም ውጤት አያመጣም፤ ከነዋሪው ሊጠየቅ የሚገባው ክፍተት የሌለው ክዳን ነው። ክዳን የሌለውን በርሜል አፉን ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ሸፍኖ ዙሪያውን በገመድ ማሰር ይቻላል። ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ ሳምንት ያላነሰ ጊዜ ስለሚያስፈልጋት፣ በርሜሉን በየሳምንቱ ባዶ ማድረግ ዕጩን ሳያድግ ያስቀረዋል። የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋ ትንኝም በዚሁ ዕቃ ትራባለች፤ እንቁላሏን ከዕቃው ግድግዳ ጋር ስለምታጣብቅ ውኃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፣ ግድግዳውንም መፈግፈግ ያስፈልጋል። በጓሮ የተጣለ አሮጌ ጎማና የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህንም እንዲሁ ነው።

ባዶ ማድረግ ለማይቻለው ትልቅ ማጠራቀሚያ በራስ ፈቃድ ኬሚካል ከመጨመር ይልቅ የአካባቢውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማማከር ይገባል።