ባንኮኒው ጀርባ ያለው አማና



ረመዳን ሲገባ መስጊድ ውስጥ ደጋግመን የምንጠየቀው ነገር አለ፤ «የግፊት ክኒኔን በሱሑር ልዋጥ ወይስ በኢፍጣር?» የሚል። እኛ የጾሙን ሑክም እንናገራለን። የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን የሚያውቀው ግን ሐኪሙና ፋርማሲስቱ ነው። ስለዚህ ባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ሰው ነጋዴ ብቻ ሳይሆን አማና ተሸካሚ ነው።

«መድኃኒት ቤት ቅርንጫፉ ሲበዛ አማናው ይሳሳል» የሚሉ አሉ። እኛ የግድ እንደዚያ ነው አንልም። በካናዳዋ የኩቤክ ክፍለ ግዛት ዣን ኩቱ የተባሉ ፋርማሲስት እ.ኤ.አ. በ1969 ሞንትሪያል ውስጥ ከሙያ ባልደረባቸው ጋር አንድ መድኃኒት ቤት ከፈቱ። ዋጋ ቀነሱ፤ ቅርንጫፎቻቸውም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆኑ። የኩቤክ ሕግ ግን የመድኃኒት ቤት ባለቤት ፋርማሲስት እንዲሆን ያዛል። በመሆኑም ከበሩ በላይ የተጻፈው የኩቱ ስም ቢሆንም፣ በየቅርንጫፉ በሙያው የሚጠየቅ ባለቤት አለ። ድርጅቱ በ2018 በ4.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ሜትሮ ለተባለ የምግብ መደብሮች ኩባንያ ሲሸጥም ይህ ግዴታ አልቀረም።

መበልጸግ ነውር አይደለም፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ነግደዋል። ነውሩ በሽተኛው ሲጎዳ «እኔ ነኝ ኃላፊው» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። መድኃኒት ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቅርንጫፍ ስትጨምሩ አስቀድማችሁ የሚጠየቀውን ባለሙያ አቁሙ። የመደርደሪያው መሙላት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እኛ ቤተሰቦችም ድርሻ አለን። የቀኑ ክኒን አመለጠን ብሎ ማታ ሁለቱን ባንድ ላይ መዋጥ፣ ኢንሱሊንን በራስ ግምት መቀነስ ወይም መተው ተቅዋ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታል፤ መዳን ለማይጠበቅለትም ፊድያ አለ። የጌታን ሩኽሳ መቀበል ዒባዳ እንጂ ስንፍና አይደለም።

እንግዲህ እናት አባቶቻችን የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስበን ሐኪማቸው ወይም ፋርማሲስቱ ዘንድ እንሂድ፤ «የሚጾሙ ከሆነ እንዴት ይውሰዱት?» ብለንም እንጠይቅ። መልሱ «አይጹሙ» ከሆነ ደግሞ ኢፍጣሩ ላይ አብረውን ይቀመጡ፤ ማንም በዓይኑ እንዳይገምታቸው እንጠብቃቸው።

አላህ ለሕመምተኞቻችን ሺፋእ፣ ለባለሙያዎቻችን አማናን የሚጠብቅ ልብ ይስጥልን። አሚን።